ዱላው የገባበት መኪና

ሰው መኪና የሚያየው ከውጭ ነው። ቀለሙን፣ ርዝመቱን፣ ጎረቤት ምን ይል ይሆን የሚለውን ነው የሚያየው። እኔ ሥራዬ የመኪና ወንበር መስፋት ስለሆነ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ሰው የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ነው። ስፖንጁ የት እንደሟሸሸ፣ ቆዳው የት እንደተላጠ አይቼ ባለቤቱ በየትኛው ጎኑ እንደሚያዘነብል፣ ሚስቱ ከፊት ትቀመጥ ከኋላ መናገር እችላለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ አውቃለሁ ባይዋ እኔ፣ የእህቴ ባል ሲሳሳት አብሬው ተሳሳትኩ። ይባስ ብዬም አበረታታሁት። የእሱን ነገር ሳወራ የራሴንም አልደብቅም።

የእህቴ ባል ቀያሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መሬት ሲለካ ኖሯል። መንገድ ሊወጣ ሲል፣ ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ የሚጠራው እሱ ነው። ሜትሩ ከቀበቶው አይለይም። ቁመቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ስለለመደ በር በሌለበትም ጎንበስ ይላል። ነገር ሳይለካ መልስ አይሰጥም። እህቴ ገና እንደተጋቡ «ትወደኛለህ?» ብላ ብትጠይቀው ትንሽ አሰብ አድርጎ «በምን ልለካው?» አላት። እሷ ይህን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች፤ እሱም እስከ ዛሬ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባውም። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ እኔን መርፌ ይለኛል። ስለ ሥራዬ ይሁን ስለ ምላሴ ነግሮኝ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ቁመት የሚነዳው ግን ትንሽ ሴዳን ነው። ሲገባ መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን፣ ከዚያ የቀረውን ሰውነቱን በየተራ ነው የሚያስገባው። ጉልበቶቹ ከመሪው ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ጸጉሩ ጣሪያውን ይነካል። ከራሱ በላይ ያለውን የጣሪያ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጸጉሩ ቅባት ክብ አድርጎ አጥቁሮታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ከመኪናው ወርዶ ሲያነክስ አይቼ አንጀቴን ስለበላኝ፣ የነጂው ወንበር የሚንሸራተትበትን ሀዲድ ፈትቼ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ወስጄ አሰርኩለት። ወንበሩንም ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ኋላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም፤ ችካልና ገመድ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ይህን የሀዲድ ነገር እናንተ አትርሱት፤ እኔ ረስቼው ነው ጉድ የሆንኩት።

እህቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ከባሏ ብብት ሥር ሳትጎነብስ የምታልፍ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ናት። ሰሌዳው አናት ላይ ለመጻፍ ወንበር ላይ ትወጣለች፤ ተማሪዎቿ «አስተማሪያችን አደገች» እያሉ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ መንገድ ስትሻገር ሞተር ብስክሌት መታት። ሐኪሞቹ እግሯን አተረፉላት፤ ጉልበቷን ግን ቀጥ አድርገው አሰሩት። «ትራመጃለሽ፤ ሕመሙም ይተውሻል። ጉልበትሽ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም» አሏት።

ከሆስፒታል የመጣችበትን ቀን ማንሳት አልወድም። በሽተኛ ይተኛል እንጂ አይቀመጥም ብለን ከትንሿ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በጎኗ ጋደም አደረግናት። እግሯ ከበሩ አልፎ አልዘጋ ስላለን መስኮቱን ዝቅ አድርገን ተረከዟን ወደ ውጭ አወጣነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር እግሯ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ጋሼ እንደ ኤሊ እየነዳ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል፤ እሷ ጥርሷን ትነክሳለች። ቤት ስንደርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ሁለተኛ እዚህ ሣጥን ውስጥ አልገባም» አለች። ጋሼ ያን ቃል እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የሰማው።

ስምንት ወር ቤት ዋለች። በክራንች ከመኝታ ቤት እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በቅያሱ የሚጫወቱትን ልጆች ትሰማና «ያኛው ልጅ ‘ሰ’ን ‘ተ’ ነው የሚላት፤ አንድ ሰው ሊያስተካክለው ይገባል» ትለኛለች። «ለእናቱ ንገሪያት» ስላት «እናቱማ አታስተውለውም፤ ለምዳዋለች» ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ ከሕመሟ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ልትጠይቃት መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረቻት። «ክፍልሽን እስከ ትምህርት መክፈቻው ሰኞ ይዤልሻለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ካገኘሁሽ ያንቺ ነው። ካላገኘሁሽ ግን ልጆቹ ያለ አስተማሪ መቀመጥ የለባቸውም፤ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ አትቀየሚኝ።» ሰኞው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ትምህርት ቤቱ በጤነኛ እግር አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። የአውቶቡሱ ደረጃ ወገቧ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ ግፊያው ለጤነኛም አይሆንም። ታክሲዎቹ ከትንሿ መኪና አይሻሉም። እና ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ ይህቺ ሴት በየቀኑ በምን ተቀምጣ ትሂድ?

ጋሼ መልሱን ለማግኘት አንድ ሌሊት አልፈጀበትም፤ ትልቅ መኪና። በማግሥቱ እህቴ ጋደም ብላ መጽሐፍ ስታነብ፣ ብርድ ልብሱን የሚያስተካክል መስሎ ከዳሌዋ እስከ ተረከዟ በሜትር ለካት። «ምን እየሠራህ ነው?» አለችው። «ብርድ ልብሱ አጥሮ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ። ውሸት ስለማይችልበት ጆሮው ቀላ። ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በልኩ ቆርጦ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ወደ እኔ ወርክሾፕ ይዞት መጣ።

«ይኸው እግሯ» አለኝ።

«ጫማ ልግዛለት?» አልኩት።

«መርፌ፣ ቀልዱን ተይው። ይህ ዱላ ሳይጎብጥ የሚገባበት መኪና እሷንም ያስገባል። የማያስገባውን አልፈልግም። ወንበር አዋቂ ነሽና እስቲ ንገሪኝ፤ ትልቁ ነው ትንሹ የሚመች?»

«ይህ ደግሞ ይጠየቃል?» አልኩት፣ ራሴን ከቆዳው ላይ ቀና ሳላደርግ። «ትልቅ መኪና ሶፋ ነው፤ ትንሽ መኪና በርጩማ ነው።» ቀና ብዬ ብጠይቀው ኖሮ፣ ለማን ብዬ ብጠይቀው ኖሮ፣ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ዱላ የያዘውን ቀያሽ አወቀው። መኪና የቆመበት ሁሉ ሄዶ ባለቤቱን «ወንድሜ፣ ከፈቀድክልኝ ይህን አንዴ ላስገባ» ይላል። አንዱ ሌባ መስሎት ሊደበድበው ነበር። አንዷ ሴት ደግሞ ነገሩን ስትሰማ በር ከፍታ ራሷ ዱላውን ያዘችለት። የሚያገኘውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ትንንሾቹ ሴዳኖች የኋላ ወንበራቸው ላይ ዱላው ከፊት ወንበሩ ጀርባ ጋር ይጋጫል፤ ሁለት ስንዝር ይተርፋል። መካከለኞቹ አንድ ስንዝር። ትልልቆቹ ውስጥ ዱላው ይገባል፤ ግን አንዳንዶቹ ወለላቸው መሀል ላይ ከፍ ያለ ጉብታ ስላላቸው ተረከዝ የሚያሳርፍበት ቦታ የለም። የትከሻውን ስፋት፣ ከወንበሩ እስከ ጣሪያ ያለውን ከፍታ፣ የበሩን ወርድ ሁሉ ለካ። ጣሪያውን የሚለካው ራሱ ገብቶ በመቀመጥ ነበር። «እኔን ከቻለ እሷን አያቅተውም» ይላል። እንዲህ ያለ ስህተት ረጅም ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው።

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ የፈለገውን አገኘ። የአንድ ጡረተኛ ትልቅ ሴዳን ነው፤ አሮጌ ግን እንደ ዓይን ብሌን የተጠበቀ። «ነይ እዪልኝ» ብሎ ወሰደኝ። ጡረተኛው ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። መኪናውን ሲያስጎበኙን ሳሎን ያስገቡን ያህል ነበር። የኋላ ወንበሩ ሦስት ሰው ሳይነካካ ያስቀምጣል። ስፖንጁ ከሥሩ ሞላ የሚሉት የሚያነጥር ሽቦ አለው፤ እጄን ስጫነው እስከ አንጓዬ ሰጠመ። በሩ ሲዘጋ የውጩ ድምፅ አብሮ ይዘጋል። ዱላው ገብቶ አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ተረፈ።

«ለምን ሊለውጡት ፈለጉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ሐሳባቸው ይህን ሰጥተው የጋሼን ትንሿን መውሰድ ነበርና።

«ባለቤቴ እያለች ጥሩ ነበር» አሉ። «እሷ ከኋላ ትቀመጥና አነዳዴን ትሳደባለች። አሁን ሰፋብኝ፣ ልጄ። አንድ ሰው ብቻውን አራት ሰው የሚይዝ ዝምታ ይዞ ሲዞር ደስ አይልም።»

ይህን ብለው ከመኪናው ሊወጡ የበሩን ማዕዘን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ተነሡ። እኔም አየሁ፤ ጋሼም አየ። ዕድሜ ነው አልን። ዓይን እያየ መታወር ማለት እንዲህ ነው።

ጋሼ ግን ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር። ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ፤ ራሱን ቀና አደረገ። ከጸጉሩ እስከ ጣሪያው አራት ጣት ክፍት ቦታ ነበረ። እጁን አንሥቶ ያን ክፍት ቦታ ዳሰሰው። ከተዋወቅን ጀምሮ መኪና ውስጥ አንገቱን አቅንቶ ተቀምጦ ሳየው ያ የመጀመሪያ ቀን ነው። እኔም አላሾፍኩበትም።

የመክፈቻው ሰኞ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ትልቁን መኪና ይዞ ወደ ቤት መጣ። ጡረተኛው ትንሿን እየነዱ ከኋላ ተከተሉት፤ እህቴ ከወደደችው እዚያው ሊለዋወጡ ነው። እኔ ቀድሜ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ለወራት የተሰቀለ ቀሚሷን አለበስኳት። በክራንቿ እስከ ግቢው በር ስትወጣ መኪናውን አየችና «ይህ መርከብ የማን ነው?» አለች። «ያንቺ» አላት ጋሼ። ሜትር ሳያወጣ መልስ ሲሰጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሩን ሊከፍትላት ሄደ። በሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ «ቋ» አለ፤ የጎረቤት ግንብ ነው። እነሱ የሚኖሩበት ቅያስ ጠባብ ነው፤ ትልቁ መኪና ገብቶ ሲቆም ግራና ቀኙ ከግንብ እስከ ግንብ ይሞላል። ትልቅ መኪና ደግሞ በሩም ትልቅ ነው። ጋሼ ወደ ፊት ነዳው፤ ወደ ኋላ መለሰው፤ ወደ አንዱ ግንብ አስጠግቶ ሞከረው። ከሁለት ስንዝር በላይ አልከፈት አለ። ዱላውን የለካው በሰውየው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሰውን መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው የራሱን ደጅ አልለካም።

«ግድ የለም፣ ልሞክረው» አለች እህቴ፤ ፊቱን አይታ ነው። በዚያች ክፍተት በጎኗ ተጨመቀች። ጀርባዋን ወደ ወንበሩ ሰጥታ ልትቀመጥ ብትል ወንበሩ ዝቅተኛ ነው። ጉልበቱ የሚታጠፍ ሰው ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፤ የማይታጠፍ ግን ይወድቃል እንጂ አይቀመጥም። ወደቀች። ያ ለስላሳ ስፖንጅ ውጦ አሰመጣት። ቀጥ ያለው እግሯ ከበሩ ውጭ ቀረ፤ ልታስገባው ብትዞር ስፖንጁ ይዟት አላዞራት አለ፤ ልትነሣ ብትል ደህናው እግሯ ብቻውን አላነሣት አለ። ዱላው ገብቶ ነበር፤ እውነት ነው። ዱላ ግን አይቀመጥም፣ አይዞርም፣ አይነሣም።

እኔና ጋሼ በብብቷ ይዘን አወጣናት። ቀሚሷን አስተካክላ ግንቡን ተደግፋ ቆመች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። «ተዉት በቃ» አለች። «ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔን መሸከም የሁላችሁም ሥራ ሆነ።» ጋሼ ከቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ያ ሁሉ ቁመት እንዲያ ሲያንስ አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ «ሶፋ ነው» ያልኩበት ምላሴ አፌ ውስጥ ከበደኝ። ወንበሩን ጠንካራ ስፖንጅ ላደርግለት እችላለሁ፤ የጎረቤትን ግንብ ግን በመርፌ አልገፋውም። ወደ ዋናው መንገድ ሄዳ እንዳትሳፈር ቅያሱ ቁልቁለትና ጠጠር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጤነኛ ይጥላል።

በዚህ መሀል ጡረተኛው ትንሿን መኪና ከትልቁ ኋላ አቁመው ወረዱ። ነገሩን ከሩቅ አይተው ኖሮ ፊታቸው አዝኗል። «ምነው፣ ምን ሆነች?» እያሉ መጡ።

እህቴ እንባዋን ጠረገች። ዓይኗ ግን እሳቸው ላይ ተተክሎ ቀረ። የአስተማሪ ዓይን ነው፤ ከሠላሳ ልጅ መሀል ማን እንዳልጻፈ የሚለይ። «አባባ» አለች፤ «አሁን ምንም ሳይይዙ ነው የወረዱት።»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ከመኪናው። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከትተው ወረዱ። እስቲ አያስቀይምዎትና እንደገና ይግቡና ይውጡልኝ።»

ጡረተኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኛን አዩ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ እንደ ተጠራ ተማሪ ሄደው ገቡና ወጡ። «በዚያኛው በኩል ደግሞ» አለች። በተሳፋሪው በር ገብተው ወጡ። አንድ ሁለት ሦስት የለ፣ በር መያዝ የለ። ራሳቸውም ገርሟቸው «ውይ፣ ጉልበቴ ተሻለው እንዴ?» አሉ።

ወንበሩ ነው። የነጂውን ወንበር ዝቅ ያደረግኩት ለጋሼ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሶፋው ይሻላል። የተሳፋሪውን ማንም አልነካውም፤ ከፍ እንዳለ፣ ደረቅ እንደሆነ ነው ያለው። በርጩማ ያልኩት እሱን ነው። ሰው ከበርጩማ ሲነሣ አንድ ሁለት ሦስት አይልም። በሩም ትንሽ ስለሆነ፣ መኪናዋም ቀጭን ስለሆነች፣ በዚያ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆሟል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እኛ ከተማ ስናስስ ሣጥኗ ደጃፋችን ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ ከተመታሁ ወዲህ አንድም ቀን ከፊት አልተቀመጥኩም» አለች እህቴ ለራሷ እንደምትናገር። «ከሆስፒታል ስታመጡኝ ከኋላ አስተኛችሁኝ። ከዚያ እንቢ አልኩ። ማናችንም ከፊት አልሞከርንም።»

«በሽተኛ ይተኛል ብለን ነዋ» አልኩ።

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም። እግሬ አይታጠፍም እንጂ» አለች። ያን ስትል ድምፅዋ ከቁመቷ በለጠ፤ ከስምንት ወር በኋላ ገና ያኔ ሰማሁት።

ክራንቿን ሰጠችኝ። ጀርባዋን ወደ መኪናዋ አዞረች፤ ወንበሩን በእጇ ዳሰሰች፤ ተቀመጠች። መቀመጥ ነው እንጂ መውደቅ አልነበረም። ወደ ነጂው ወንበር በኩል እየተንሸራተተች እግሯን አስገባች። እኔ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት፤ ሀዲዱ ጫፍ ደርሶ ቆመ። ተረከዟ ከፊት ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ሥር ጋር ተጋጨ። ጋሼ ከድንጋዩ ተነሥቶ ዱላውን አጠገቧ አስገብቶ ለካ፤ ከዚያ ሜትሩን አወጣ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንዝር ነው የጎደለው» አለ። «አንድ ስንዝር።»

ያኔ ትዝ አለኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት በእጄ የፈታሁት ሀዲድ፣ በእጄ ወደ ኋላ የወሰድኩት አንድ ስንዝር፣ ከዚያው ከተሳፋሪው ወንበር አጠገብ ነው ያለው። ለረጅሙ የሠራሁትን ለአጭሯ መሥራት እንደሚቻል ሳላስብ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰውየውን በከተማ ውስጥ ዱላ አስይዤ አዞርኩት። «ጋሼ፣ መኪናዋን ነገ በጠዋት አምጣልኝ» አልኩት።

እህቴ ግን ገና ከመኪናዋ አልወረደችም። ባሏን ቀና ብላ አየችው። «አንተስ?» አለችው። «በዚያኛው ውስጥ አንገትህን አቅንተህ ስትመጣ አይቼሃለሁ።»

ጋሼ ትልቁን መኪና ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ አለ፤ እንደ ልማዱ፣ በር በሌለበት። «አንቺ መታጠፍ ካልቻልሽ እኔ እታጠፋለሁ» አላት። «ለምጄዋለሁ።»

ቅዳሜና እሑድ ወርክሾፔን አልዘጋሁም። ሀዲዱን ፈትቼ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ወደ ኋላ ወሰድኩት። ከኋላ ያለውን ወንበር በእሷ በኩል አነሣሁት፤ ከእንግዲህ መኪናዋ የሁለት ሰው ናት። ከሀዲዱ ሥር ብረት አስገብቼ ወንበሩን በአራት ጣት ከፍ አደረግኩት። ስፖንጁን በጠንካራ ለወጥኩት፤ ልብሱን ግን ለስላሳና የሚያንሸራትት ቆዳ አደረግኩት፤ ስትዞር እንዳይዛት። እህቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ እንደ ፈተና ጠባቂ ትከታተለኛለች። አንድ ጊዜ ሜትር ሳነሣ «ሜትሩን ተይው፤ እኔን አስቀምጪኝና እዪ» አለችኝ። ሰባት ጊዜ አስቀመጥኳት፤ ሰባት ጊዜ አስተካከልኩ። ጡረተኛው እሑድ ከሰዓት ብቅ አሉ። መኪናቸውን አልለወጡም፤ ግን የነጂውን ወንበር እንዳጠነክርላቸው ቀጠሮ ያዙ። ሊሄዱ ሲነሡ እህቴ «አባባ፣ ሰኞ ቁርስ ከእኛ ጋር ነው» ብላ አስማለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት አራታችንም ቅያሱ ውስጥ ነበርን። እህቴ ራሷ በሩን ከፈተች፤ ተቀመጠች፤ ተንሸራተተች፤ እግሯን አስገባች፤ በሩን ራሷ ዘጋች። ማንም አልነካትም። ጋሼ በየተራ ገባ፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ የቀረው። እኔ የምቀመጥበት ስለሌለ ጡረተኛው በመርከባቸው ይዘውኝ ከኋላ ተከተልን። ከፊታችን በምትሄደው ትንሽ መኪና የኋላ መስታወት ሁለት ራስ ይታያል፤ አንዱ ጣሪያውን የነካ፣ ሌላው ከራስ መደገፊያው በላይ እምብዛም የማይታይ። ያችኛዋ ራስ መንገዱን ሙሉ ስትናገር ነበር፤ ከኋላም ያስታውቃል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ እህቴ ወረደች። ጋሼ በሩን ሊይዝላት ሮጦ ሲመጣ እሷ ቆማለች። በአንድ እጇ ክራንቿን ይዛ ሌላውን ወንበሩ ሥር ሰዳ ደብቃው የነበረውን ዱላ አወጣች። «ይህን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» አላት። «የኔ ልክ አይደል? የኔ ነው» አለችና ሄደች። ዳይሬክተሯ በረንዳው ላይ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ እህቴን አየች፤ የክፍሉን ቁልፍ ዘረጋችላት።

ሦስታችን መስኮቱ ሥር ቆምን፤ ሂዱ ያለን ሰው አልነበረም። ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ ፊደል ከላይ እስከ ታች ተጽፏል፤ ዳይሬክተሯ ናት ያስጻፈችው። አንዲት ልጅ ከፊት ተቀምጣ «አስተማሪ፣ ወንበር ላይ አይወጡም?» አለች፤ አምና እዚሁ ክፍል የነበረች ደጋሚ መሆን አለባት። ጋሼ አጠገቤ እጁን ወደ ሜትሩ ሰደደ። ስለ መኪናው ሁሉን ሲለካ ስለ ሰሌዳው አላሰበም ነበር።

እህቴ ግን አስባበት ነበር። «ከእንግዲህ አልወጣም» አለች። ቀጥ ባለው እግሯ ቆማ ዱላውን አነሣችና ከሰሌዳው አናት ያለውን የመጀመሪያውን ፊደል ነካችው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበቡት።